ባለቤት ያለው ባሕር

ነፋስ ሲበረታ ወደ ደሴቷ የሚሻገረው የመንገደኞች ጀልባ አይነሣም። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ደሴቷ ላይ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስለማስተምር ከነፋስ ጋር የቆየ ቅያሜ አለኝ። በዚያ ማክሰኞ ጠዋትም ትኬት ቆራጩ «ምናልባት ከሁለት ሰዓት በኋላ» ብሎ መስኮቱን ዘጋብኝ። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በብብቴ ሸጉጬ ከዝናቡ የምጠለልበት ስፈልግ ዓሣ አጥማጆች መረብ ወደሚጠግኑበት መጋዘን ዘው አልኩ። ከዝናብ ሸሽቼ ክርክር ውስጥ ገባሁ።

ከበሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ በተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ሥር የተከመረው ነገር መረብ መሆኑ የሚታወቀው ዳር ዳሩን በቀሩት ተንሳፋፊዎች ብቻ ነበር፤ መሐሉ ሰው ቆሞ እስኪያልፍበት ድረስ ተቀድዷል። የወደቡ ሰው እኚህን ሽማግሌ «አባ መልሕቅ» ይላቸዋል። አንድ ሐሳብ ላይ ከተተከሉ የሚነቅላቸው የለም ለማለት ነው። ከፊታቸው የቆመችው የእህታቸው ልጅ ናት። ሕግ ተምራ የባሕር ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። በየንግግሯ መሐል አንቀጽ ስለምትጠቅስ አጥማጆቹ ስሟን ትተው «አንቀጽ» ይሏታል። በአንድ እጇ ቅጽ፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዛለች፤ እስክሪብቶውን የጨበጠችው ግን ሊጽፍ እንደተዘጋጀ ሰው ሳይሆን ሊወጋ እንደተዘጋጀ ሰው ነበር።

«አጎቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ። መርከቡ መረቡን የቀደደው የት ላይ ነው?»

«ባሕር ላይ!»

«ባሕሩ የት ጋ?»

«ውኃው ላይ ነዋ! መረብ ተራራ ላይ ይጣላል እንዴ?»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አባ መልሕቅም አዩኝ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች አንድን መንገደኛ በአንድ ጊዜ ሲያዩ ዳኛ ሊያደርጉት ነው ማለት ነው፤ ማምለጥ ነበረብኝ፤ ዝናቡ ግን አላስወጣኝም።

«መምህር፣ ይፍረዱን» አለች። «እኚህ ሰው ዘንድሮ ብቻ ሦስት መረብ ጠፋባቸው። የባዕድ መርከብ ነው የሚቀድድባቸው፤ የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚጎተት መረብ ያለው ትልቅ መርከብ። ባለፈው ሲያመለክቱ ‹ሩቅ ባሕር ላይ› ብለው አስጻፉ። መርከቡን ስንጠይቅ ካፒቴኑ ‹እኔ የማንም ባልሆነ ክፍት ባሕር ላይ ነበርኩ› አለ። በምን እናስተባብለው? ‹ሩቅ› የሚባል ቦታ በየትኛው ካርታ ላይ አለ?»

«እውነቱን ነው እኮ!» አሉ አባ መልሕቅ በቁጣ። «የብሱ እስከሚታይ የኛ ነው፤ የብሱ ከጠፋ ወዲያ የእግዜር ነው። አባቴም አያቴም እንዲህ ነው ያሉት። ባሕር አጥር የለውም። አጥር የሌለውን የኛ ነው ብሎ መክሰስ ውኃ ወቀጣ ነው።»

«ታዲያ የእግዜር ከሆነ ምን ያስቆጣዎታል? እግዜርን ይክሰሱት!»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!»

በዚህ መሐል እኔ ነገሩን ላለዝብ ብዬ «የሁለታችሁም ሐሳብ የየራሱ እውነት አለው» አልኩ። ከዚህ የባሰ ነገር ልናገር አልችልም ነበር። ሁለቱም በአንድነት ፊታቸውን አጨፈገጉብኝ፤ በዚያ ጠዋት የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር።

ልጅቱ ቅጹን አስቀምጣ ከወለሉ ላይ ቁራጭ ገመድ አነሣችና ዘረጋችው። «ይኸው አጎቴ። ይህ የገመዱ ጫፍ ውኃው ሲሸሽ የሚቆምበት የባሕር ዳርቻችን ነው እንበል። ከዚህ እስከ አሥራ ሁለት የባሕር ማይል ድረስ ያለው ውኃ፣ ከላዩ ካለው አየርና ከሥሩ ካለው ወለል ጋር፣ ልክ እንደ የብሳችን የአገራችን ግዛት ነው። ከዚያ አልፎ እስከ ሁለት መቶ ማይል ድረስ ደግሞ ሌላ ዓይነት መብት አለን። ውኃውን እንደ መሬት አንገዛውም፤ ዓሣውን፣ በወለሉና ከወለሉ በታች ያለውን ሀብት ግን የምንጠቀምበትም የምንጠብቀውም እኛ ነን። ባዕድ መርከብ ሳናስፈቅደው አንዲት ዓሣ ማውጣት አይችልም። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ መንግሥታት ለዓመታት ተከራክረው የተስማሙበት ውል ነው።»

«ጎረቤታችንስ? የነሱ ሁለት መቶ ከኛ ሁለት መቶ ጋር አይላተምም?»

እውነት ለመናገር ይህ ጥያቄ አስደነቀኝ። ሽማግሌው አላውቅም ይላሉ እንጂ ጭንቅላታቸው እንደ ምላጭ ነው።

«ይላተማል። ስለዚህ በስምምነት መሐሉ ላይ መስመር ይሰመራል። እኛም ከጎረቤታችን ጋር አስምረናል።»

አባ መልሕቅ ገመዱን ለጥቂት ጊዜ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው በራ፤ ግን እኛ በፈለግነው በኩል አልነበረም። «እንግዲያው የኛ ከሆነ፣ እነዚያ ሣጥን ደርድረው በየቀኑ የሚያልፉት የጭነት መርከቦች ምን ይሠራሉ? ሁሉንም ማባረር ነዋ! ዛሬውኑ!»

ልጅቱ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «አሁን ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው! አጎቴ፣ በጓሮዎ በኩል ጎረቤቶችዎ ወደ ውኃ መቅጃው አያልፉም?»

«ያልፋሉ።»

«ይከለክሏቸዋል?»

«ለምን እከለክላለሁ? መንገድ ነው።»

«ሲያልፉ ቲማቲምዎን ቢለቅሙስ?»

«እጃቸውን ነዋ የምለው!»

«ሕጉም ያለው እሱኑ ነው። መርከብ በሰላም ማለፍ ይችላል፤ መልቀም ግን አይችልም። እኛም አላፊውን በከንቱ አናስቸግርም። መብት ያለው ሁሉ ወሰን አለው።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። ነገሩ የገባቸው መሰለኝ። እሷም መስሏት ይሆናል፣ በማይሆን ሰዓት ሌላ ነገር ጨመረች፤ ዓሣው በሚራባባቸው ሦስት ወራት አጥማጆቹ ከዳርቻው ወዲያ ማጥመድ ማቆም እንዳለባቸው አነሣች።

«አየሽ!» ብለው ከሣጥኑ ላይ ብድግ አሉ። «የኛ ነው አልሽኝ፤ ከዚያ አትንካው አልሽኝ! የኔ ከሆነ እንዴት አልነካውም?»

«ላምዎ የርስዎ ስለሆነች ጥጃ በሆዷ እያለ ያርዷታል? ሕጉ ሀብቱን ሲሰጠን እንዳናጠፋው አደራ ብሎ ነው። እኛ ሳንጠብቀው ባዕዱን ‹አጠፋህ› ብንል ማን ይሰማናል? ለመሆኑ ያ ያመጣሁልዎ መሣሪያ የት አለ? ያሉበትን ቦታ በቁጥር የሚያሳየው።»

«አለ።»

«የት?»

«ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል።»

«አጎቴ!»

«ያ ዕቃ አፉ ሰፊ ነው! ዛሬ ለኔ የነገረኝን ነገ ለመሥሪያ ቤትሽ ይነግራል። መሥሪያ ቤትሽ ለጸሐፊዋ ይነግራል። ጸሐፊዋ ለባሏ ትነግራለች። ባሏ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነው!»

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ወጣ። አባ መልሕቅ አንድ ቦታ አላቸው፤ ከባሕሩ ወለል ብድግ ያለ ቋጥኝ፣ ዓሣ የሚከማችበት። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ በጆሯቸው ነው የነገሯቸው። አማቻቸው አብሯቸው መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ እሱ እንኳ አቅጣጫውን እንዳይዝ ግማሽ ቀን አዙረው አዙረው ነው የሚያደርሱት። ያ ሁሉ ስለ እግዜርና ስለ አጥር የተነገረው፣ ይህን ቋጥኝ ለመሸፈን የተጎተተ ጨርቅ ኖሯል።

«ዝም አይነቅዝም ይባላል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልጅቱ ግን ዝቅ አላደረገችም። ትዕግሥቷ አልቋል። «ዝምታው ባይነቅዝም ዓሣው አልቋል! የባዕዱ መርከብ ቋጥኝዎን እስከ አጥንቱ ጠረገው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የናቁን ለምን ይመስልዎታል? ቦታችንን አፍ አውጥተን የኛ ነው ስለማንል ነው። እርስዎ ከገዛ አማችዎ ደብቀው ለማያውቁት ሰው አስረከቡት!»

ሽማግሌው በጣታቸው ወደ በሩ አመለከቱ። 

«ውጪልኝ» አሉ አባ መልሕቅ።

ቅጹን መረቡ ላይ ጥላ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ወደ በሩ እያዩ «አዝዬ ነው ያሳደግኋት» አሉኝ። ልመልስላቸው አፌን ስከፍት «ጀልባዎ ደርሷል መሰለኝ፣ ይሂዱ መምህር» ብለው አሰናበቱኝ። ጀልባው ገና አልደረሰም ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ትዝብት ልጨምር። የተማረ ሰው እውነት ሲይዝ እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል፤ ያልተማረ ሰው ደግሞ እውነት ሲመታው ቁስሉን እንጂ እውነቱን አያይም። በዚያ ጠዋት ልጅቱ በሕጉ ልክ ነበረች፤ ሽማግሌው ደግሞ በሐዘናቸው። መሥሪያ ቤቱም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ ለሦስት ማመልከቻ አንድ መልስ፣ ያውም «ይጣራል» የሚል፣ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሰውን ቢያስኮርፍ አይገርምም።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። ሐሙስ ጠዋት ባሕሩ እንደ መስተዋት ተኝቶ ጀልባችን በሰዓቱ ተነሣ። የጀልባዋ ካፒቴን ልጁን ስለማስተምርለት ከመሪው አጠገብ አስቀመጠኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸና የማውቀው ድምፅ መጣ።

«የባሕር ጥበቃ! ይሰማል? እኔ ነኝ!»

«ማን ነዎት? ቦታዎን ይናገሩ» አለ ኮረብታው ላይ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ ሠራተኛ።

«እኔ ነኝ እልሃለሁ! ያ መርከብ መጥቷል። መረቡን እየጎተተ ነው። የተዋስኩት መረብ ሊሄድ ነው!»

«ቦታዎን፣ አባባ። ቁጥሩን።»

ሬዲዮው ዝም አለ። ያ መስመር ለሁሉም ክፍት ነው፤ በዚያ ሰዓት ባሕር ላይ ያለ አጥማጅ ሁሉ ይሰማዋል። ካፒቴናችን ለምን እንደጨነቀኝ አልገባውም። 

ከዚያ አባ መልሕቅ ከጨርቁ ከወጣው መሣሪያ ላይ ቁጥሩን አነበቡ። ዲግሪውን፣ ደቂቃውን፣ ሰዓቱን፤ አንድ በአንድ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ። ቁጥሮቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ከወደባችን ሃያ ሦስት ማይል ነው ብቻ ልበል።

«አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» አለ ሠራተኛው።

«ልድገም?» ድምፃቸው ሬዲዮውን ሊሰነጥቀው ደረሰ። «አባቴ በጆሮዬ የነገረኝን፣ ለአማቼ የደበቅኩትን፣ ለዓለም ሁሉ ሁለት ጊዜ ልናገር? ጆሮህን ታጠብ!» አሉና ደገሙት።

አንድ ጊዜ ብቻም አልሆነም። መረቡን የሚጎትት መርከብ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አባ መልሕቅ ተከተሉት፤ በየአሥር ደቂቃው ያሉበትን ያነቡ ነበር። ደሴቷ እስክንደርስ አራት ጊዜ ሰማኋቸው። በአራተኛው ጊዜ ድምፃቸው ደክሟል፤ ቁጥራቸው ግን አልተዛነፈም።

የቀረውን ልጅቱ ነች በኋላ የነገረችኝ። የጥበቃው መርከብ ደርሶ በሚታይና በሚሰማ ርቀት ላይ «ቁም» የሚል ምልክት ሰጠ። ባዕዱ መረቡን ሰብስቦ ወደ ጎረቤት አገር መስመር ፈረጠጠ። መስመሩንም አለፈ። ግን ማሳደዱ እኛ መብት ባለን ውኃ ውስጥ ተጀምሮ ሳይቋረጥ ስለቀጠለ፣ የጎረቤታችን የግዛት ባሕር ውስጥ ሳይገባ ደርሰው ያዙት። ወደብ ላይ ካፒቴኑ የለመደውን ዘፈን ጀመረ፤ «ከአሥራ ሁለት ማይል ውጭ ነበርኩ፣ ክፍት ባሕር ነው» አለ። አባ መልሕቅ እስከ መጨረሻው ዘጠኝ ጊዜ ያነበቧቸውን ቁጥሮች ካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀምጠው አሳዩት። እስከ ሁለት መቶ ማይል ድረስ ማጥመድ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር፤ የሚያስረዳበት ሰው ይገኛል ብሎ ግን አላሰበም። ከዚያ ወዲያ ጠበቃ ጠየቀ እንጂ አልዘፈነም።

ነገሩ በዚህ አበቃ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ወደብ ስወርድ ግን አጎትና የእህት ልጅ እንደገና ተፋጠው አገኘኋቸው።

«ይለቀቃሉ ነው የምትይኝ?» ይላሉ አባ መልሕቅ። «ያን ሁሉ ተከትዬ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮኼ፣ በዋስትና ይለቀቃሉ?»

«ባለ መርከቡ በቂ ዋስትና ካስያዘ መርከቡም ሠራተኞቹም ወዲያው ይለቀቃሉ፤ ክሱ ይቀጥላል፣ ቅጣቱም አይቀርም። በዚያ ባሕር ላይ ዓሣ ያለፈቃድ ስላጠመደ ብቻ ሰው ወኅኒ አይወርድም። ሕጉ ነው።»

«ምን ዓይነት ሕግ ነው! ለሌባ የሚራራ!»

በዚህ ጊዜ ከተያዘው መርከብ ሠራተኞች አንዱ፣ በአባ መልሕቅ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ከመርከቡ ደረጃ ሥር ተቀምጦ የተበላሸ መረብ ይጠግን ነበር። በጥበቃ ሥር ሆኖም እጁ ሥራ አልፈታም። ጣቶቹ በጨው ተሰነጣጥቀዋል። አባ መልሕቅ እየተቆጡ ዓይናቸው እዚያ ሰው እጅ ላይ አረፈ፤ ቋጠሮውን ሲያሥር አዩት። ንግግራቸው መሐል ላይ ቀረ።

«ልክ እንደኔ ነው የሚያሥረው» አሉ።

«ይህ ሰው ሦስት ወር ቤተሰቡን አላየም» አለች ልጅቱ፣ በዚህ ጊዜ ቀስ ብላ። «ወዴት እንደሚሄዱ እሱን ያማከረው የለም። ነገ የርስዎ አማች ሞተሩ ተበላሽቶ፣ ነፋስ ገፍቶት፣ መስመሩን አልፎ መረቡን ጥሎ ቢገኝ ጎረቤቶቻችን ምን እንዲያደርጉት ይፈልጋሉ? እዚያ ወኅኒ ይጣል?»

አባ መልሕቅ ወደ መጋዘኑ ገብተው አንድ ጥቅልል የመጠገኛ ክር ይዘው ወጡ፤ ለሰውዬው ወርወር አድርገውለት ፊታቸውን ሳያዞሩ ሄዱ።

ሰኞ ደግሞ ሌላ ንዴት ጠበቃቸው። ወደ ቋጥኛቸው ሲደርሱ ሰባት ጀልባዎች ቀድመዋቸዋል። ሬዲዮ የሰማ ሁሉ መጥቷል! ደማቸው ፈልቶ ሲመለሱ በቀጥታ የሄዱት ወደ እህታቸው ልጅ ቢሮ ነው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በሩ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተዘግቶ ነበር ይላሉ። ከዚያ በአጥማጆቹ ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ተነሥተው የማያውቁት አባ መልሕቅ ተነሡ።

«ስሙኝ» አሉ። «እኔ የምናገረው አንዴ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ብዙ ተናግሬ ደክሞኛል። ያ ቋጥኝ የኔ ነው ስል ኖርኩ። የኔ አልነበረም፤ የሁላችንም ነበር፣ የሚጠብቀው ግን አልነበረም። ባሕር አጥር የለውም ስል ኖርኩ። አጥሩ ቁጥር ነው። እያንዳንዳችሁ ያን መሣሪያ ጀልባችሁ ላይ ስቀሉ፤ እንደኔ ጨርቅ አታልብሱት። ባዕድ መርከብ መረብ ሲጥል ካያችሁ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ተናገሩ። በሰላም የሚያልፈውን ግን ተዉት፤ እሱ መንገደኛ ነው። ጎረቤቶቻችን መስመር ውስጥ አትግቡ፤ እኛ እንዲያከብሩን የምንፈልገውን ያህል እናክብራቸው። ደግሞ…» እዚህ ላይ አፋቸው መራራ ነገር የቀመሰ ይመስል ተጣመመ፤ «ሦስቱን ወር እናቁም። ዓሣው ይራባ። እርጉዝ ላም እያረድን ነበር።»

አንዱ ከመሐል «ሦስት ወር ምን እንብላ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔም እሱኑ ጠይቄያት ነበር፣ ጨጓራዋን እስክትይዝ!» አሉ። «ቋጥኙ ይረፍ እንጂ የዳርቻው ዓሣ ይጠመዳል፤ መረባችንም ጥገና ይፈልጋል። ሦስት ወር የማይታገሥ ሰው ሦስት ዓመት ይራባል።»

ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አላለቀም። በመጨረሻ ግን እጅ ወጣና አለፈ። መሥሪያ ቤቱም እፍረት ይዞት ነው መሰለኝ፣ ለማመልከቻ በሰባት ቀን መልስ እንደሚሰጥ በግድግዳው ላይ ለጠፈ። እስካሁን በአሥር ቀን እየሰጠ ነው፤ ከ«ይጣራል» ይሻላል።

ሦስቱ ወር ባለቀ በመጀመሪያው ጠዋት አባ መልሕቅ ልጅቱንና እኔን ጀልባቸው ላይ አወጡን። የባሕር ሕግ ጠንቅቃ የምታውቀው ልጅ ለካ ባሕሩን እንዲህ ርቃ አይታው አታውቅም። ገና አሥር ማይል ሳንሄድ ፊቷ ጥሬ ሙዝ መሰለ፤ ከዚያም ከጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፋች። አማቻቸው ሳቁን ሊደብቅ ወደ ሞተሩ ዞረ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። መሪውን ለአማቻቸው ሰጥተው፣ አቅጣጫውንም በግልጽ ነግረውት፣ ግንባሯን በመዳፋቸው ይዘው «አድማሱን እይ፣ ልጄ፤ ውኃውን አትይ» ይሏት ነበር።

መረቡ ከቋጥኙ ላይ ሲወጣ አራታችንም ጎተትን። እንደ ክንዴ የረዘሙ ዓሣዎች የጀልባዋን ወለል ይደበድቡት ጀመር። አማቻቸው ከአምስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ አላየሁም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወደባችን በባዕድ መርከብ የተቀደደ መረብ ሁለት ብቻ ነው የተመዘገበው፤ ሁለቱም ቦታቸውና ሰዓታቸው ተጽፎ፣ ሁለቱም ባለ መርከቦች ተጠይቀው። አንድ ጀልባችን ሞተሯ ተበላሽቶ የጎረቤትን መስመር ስታልፍም፣ እነዚያ ሰዎች በአራተኛው ቀን ጎትተው አመጡልን።

መብት በወረቀት ላይ ብቻ ሲኖር እንቅልፍ የወሰደው ዘበኛ ነው። የሚቀሰቅሰው መብቱን አውቆ የሚናገር፣ ወሰኑንም አውቆ የሚያከብር ሰው ነው። አባ መልሕቅ ይህን ከእህታቸው ልጅ ተማሩ፤ እሷ ደግሞ ሕጉ የሚያድርበት ውኃ እንዴት እንደሚያናውጥ ከእሳቸው ተማረች። ስንመለስ ለእሷ ሲሉ የሞተሩን ፍጥነት ቀነሱ፤ ወደቡ ላይ የሚጠብቁት የዓሣ ነጋዴዎች ዘገያችሁ ብለው ሲጮኹ «ሰው ይዘናል!» ብለው መለሱላቸው።